ጆርጅ ካርቨርና የደከመው መሬት

የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ስም በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኦቾሎኒን ነው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ የፈለግነው ኦቾሎኒው የበቀለበትን አፈር ነው፤ የሰውዬው ትልቁ ድካም በዚያ ላይ ነበረና።

ካርቨር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1864 ዓ.ም. ግድም በአሜሪካ፣ በሚዙሪ፣ ከባሪያ እናት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር ሰርቀው ወሰዱት፤ እርሱ በአንድ ፈረስ ተለውጦ ሲመለስ እናቱ ግን የደረሰችበት ሳይታወቅ ቀረ። ትምህርት ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ እየተንከራተተ፣ የሰው ልብስም እያጠበ ተምሮ በመጨረሻ በአዮዋ የእርሻ ኮሌጅ ገባ። በ1896 የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ወደ አላባማ፣ ወደ ተስኪጊ ትምህርት ቤት ጠራው። እዚያ ያገኘው መሬት ለብዙ ዘመን ጥጥ ብቻ ሲዘራበት ኖሮ ጉልበቱ ያለቀ ነበር። ጥጥ ከአፈሩ ናይትሮጂንን ይወስዳል እንጂ አይመልስም፤ በረድፎቹ መካከል ራቁቱን የቀረውንም ለም አፈር ዝናብ ያጥበዋል። የአተርና የባቄላ ወገን የሆኑት ግን በሥሮቻቸው እባጭ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሐዋስያን ናይትሮጂንን ከአየር ይዘው ያቀርቡላቸዋል። ይህን በ1880ዎቹ ዓመታት በሙከራ ያረጋገጡት ጀርመኖቹ ሄልሪገልና ቪልፋርት ናቸው። ስንዴን ከባቄላ ጋር ማፈራረቅ ለአገራችን ገበሬ የአያት ውርስ ነውና፣ ምክንያቱን ማወቅ ለእኛ ለተማርነው የተተወ ዕዳ ነው።

ካርቨር በትምህርት ቤቱ መሞከሪያ እርሻ ጥራጥሬን ከጥጥ ጋር እያፈራረቀ ዘራ፤ በ1905ም የደከመን መሬት ስለ ማበርታት አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ዳሩ ግን ጥራጥሬ ፎስፈረስንና ፖታሲየምን ከአየር አያመጣም፤ ኦቾሎኒም ከነሐረጉ ተነቅሎ ከተወሰደ ለመሬቱ የሚቀርለት ጥቂት ነው። ስለዚህ ፋንድያ፣ የጫካ ቅጠልና የረግረግ ጭቃ በማሳው ላይ እንዲበተን ይመክር ነበር። የፋብሪካ ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም ላነሰው ገበሬ ይህ ከድካም በቀር ገንዘብ አይጠይቀውም።

የባሰው ችግር ግን በአፈሩ ውስጥ አልነበረም። አብዛኞቹ ጥቁር ገበሬዎች የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ ዘርና ቀለብም በዱቤ የሚወስዱ ነበሩ፤ ባለመሬቱና አበዳሪው የሚሹት ደግሞ ጥጥን ነው። ዕዳ የማይከፍል ሰብል ዝራ ብሎ እንዲህ ያለውን ሰው መምከር ቀላል ነገር አይደለም። ካርቨር በኦቾሎኒና በስኳር ድንች ላይ ያን ያህል መድከሙ ከዚህ የተነሣ ይመስለናል፤ ከጥጥ ጋር የሚፈራረቀው ሰብል ቤተ ሰብ መመገብ፣ ገበያም ማግኘት ነበረበት። በ1906 በበቅሎ የሚጎተት የማስተማሪያ ጋሪ ተዘጋጅቶ ትምህርቱ እስከ ገበሬው ደጅ ሄደ። በ1916 ኦቾሎኒን ለምግብ በ105 ዓይነት ስለ ማዘጋጀት የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። (የኦቾሎኒን ቅቤ የፈጠረው እርሱ ነው የሚባለው ግን ስሕተት ነው።) የጥጥ ነቀዝ በ1910 ግድም አላባማ ገብቶ እርሻውን ሲያወድም፣ በጥጥ ብቻ መኖር የማያዋጣ መሆኑ ለባለመሬቶቹም ታያቸው።

በ1921 በአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ስለ ኦቾሎኒ ቀረጥ ሲቀርብ የተሰጠው 10 ደቂቃ ነበር፤ ሰሚዎቹ ግን ከዚያ በላይ አቆዩት። በጃንዋሪ 5 ቀን 1943 ሲሞት ያጠራቀመውን ገንዘብ ለምርምር አውርሶ ነበር። የተቀበረውም በተስኪጊ፣ ከቡከር ዋሽንግተን መቃብር አጠገብ ነው።