በእሳት በረዶ የሠራው ፈርዲናንድ ካሬ

ፈርዲናንድ ካሬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ተወለደ። በ1859 ያወጣው መሣሪያ ለሰሚ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ በረዶ የሚሠራው በእሳት ነውና። በውሃ የሟሟ አሞኒያ ሲሞቅ ተንኖ ይለያል፤ እንፋሎቱ በግፊት ውስጥ ሲበርድ ፈሳሽ ይሆናል፤ ግፊቱ ሲላላለት ፈሳሹ እንደገና እየተነነ የአካባቢውን ሙቀት ይስባል። በመጨረሻም ውሃው መልሶ ይውጠዋል።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የደቡብ ግዛቶች ከሰሜን ይመጣላቸው የነበረው በረዶ ተቋረጠ፤ ያን ጊዜ የካሬ መሣሪያዎች የባሕሩን ከበባ አልፈው ገቡላቸው። በ1878 ደግሞ ፓራጓይ የተባለችው መርከብ በካሬ መሣሪያ የቀዘቀዘ ሥጋ ከአርጀንቲና ፈረንሳይ አደረሰች። ካሬ በ1900 አረፈ።

ዛሬ ከሞምባሳ ወደብ ወደ ናይሮቢ የሚወጣ የጭነት መኪና ከነዳጁ ኃይል ሲሶ ያህሉን በጭስ ማውጫው ይበትናል። ይህ የሚባክን ሙቀት በካሬ እሳት ቦታ ቢገባ፣ ሌላ ነዳጅ ሳይቃጠል የተጫነውን ዓሣ ከመበላሸት ሊያድን ይችላል።