ቪክቶር ሃሰልብላድ፦ ከወፎች ክትትል እስከ ጨረቃ የዘለቀው የካሜራ ሰው

ከፊልም ካሜራዎች መካከል አስተማማኝነታቸው በባለሙያዎች ዘንድ ከተመሰከረላቸው አንዱ የስዊድኑ ሃሰልብላድ ነው። ይህን ስም የያዘው ሰው፣ ቪክቶር ሃሰልብላድ፣ በ1978 ቢያርፍም የሠራቸው ካሜራዎች ዛሬም በአገልግሎት ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ያገለገለ የመካከለኛ መጠን ፊልም ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ስሙን መስማቱ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃሰልብላድ ማርች 8 ቀን 1906 በጎተንበርግ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ የንግድ ድርጅት በ1841 የተቋቋመ ሲሆን፣ አያቱ አርቪድ ቪክቶር የፎቶግራፍ ፍቅር ያደረበት ሰው በመሆኑ ከአሜሪካዊው የኮዳክ መሥራች ከጆርጅ ኢስትማን ጋር ተዋውቆ ዕቃዎቹን ወደ ስዊድን ማስገባት ጀመረ። ወራሽ እንዲሆን የታጨው ወጣትም ገና በ18 ዓመቱ ሙያውን ከምንጩ እንዲማር ወደ ጀርመን ድሬስደን ተላከ፤ ከዚያም በፈረንሳይና በአሜሪካ ሮቼስተር ሠርቷል።

የልቡ ዝንባሌ ግን ወደ ወፎች ያደላ ነበር። በ1935 ስለ ወፎች ፍልሰት በፎቶግራፍ የተደገፈ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚህ ሥራው ላይ ሳለ የገጠመው ችግር የኋላ ሕይወቱን የወሰነ ይመስላል። በዘመኑ የነበሩት ጥራት ያላቸው ካሜራዎች የሚበር ወፍ ለመከተል አይመቹም፤ ለመያዝ የሚመቹት ደግሞ አነስተኛ ፊልም የሚጠቀሙ ነበሩ። እርሱ የሚፈልገው በእጅ የሚያዝ፣ ሌንሱ የሚቀያየር፣ ፊልሙም ሰፊ የሆነ ካሜራ ነበር።

ከአባቱ ጋር መስማማት ባለመቻሉ በ1937 የቤተሰቡን ድርጅት ትቶ በዚያው ከተማ የራሱን የፎቶ መደብር ከፈተ። ለባለጸጋ ልጅ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ዕድሉን የከፈተለት የመንግሥት ጥያቄ ነው። በ1940 የስዊድን አየር ኃይል ከጀርመን አውሮፕላን የተገኘ የአየር ላይ ካሜራ አቅርቦ ተመሳሳዩን መሥራት ይችል እንደሆነ እንደጠየቀው ይነገራል። እርሱም መቅዳቱን ትቶ የተሻለ ለመሥራት ቃል በመግባት፣ በአንድ የመኪና ጥገና ቤት አጠገብ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሥራውን ጀመረ። እስከ 1945 ድረስም 342 ካሜራዎችን ለአገሩ ጦር አስረክቧል። በ1942 አባቱ ሲሞት የቤተሰቡን ድርጅት አስተዳደር ተረከበ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ያንን ልምድ ወደ ሲቪል ካሜራ ለወጠው። ለአካሉ ቅርጽ የሰጠው የሳብ መኪናን የነደፈው ሲክስተን ሳሶን ነው። ኦክቶበር 6 ቀን 1948 በኒውዮርክ ለዕይታ የቀረበው 1600 ኤፍ የተሰኘው ካሜራ 6 ሴንቲ ሜትር በ6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 12 ምስሎችን በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ ያነሳል። እያንዳንዱ ምስል በተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ከሚነሳው ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ስፋት አለው። ሌንሱ፣ የፊልም መያዣውና የመመልከቻው ክፍል ሁሉም ይነቀላሉ፤ ፎቶ አንሺው ጥቅሉ ሳያልቅ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ፊልም መሸጋገር ይችላል።

ይሁን እንጂ ካሜራው ተሰባሪ ነበር። በሰከንድ 1/1600 ፍጥነት እንዲሠራ የታሰበው ስስ የብረት መዝጊያ በቀላሉ የሚበላሽ ሲሆን፣ ተመላሽ ካሜራዎች ወደ ፋብሪካው ይጎርፉ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ማስታወቂያውን ያበዛ ነበር። ሃሰልብላድ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ በ1952 1000 ኤፍን አወጣ፤ ይህም አልበቃ ሲለው መዝጊያውን ከካሜራው አካል ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በእያንዳንዱ ሌንስ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። በ1957 የተወለደው 500 ሲ ከፍተኛ ፍጥነቱ 1/500 ብቻ ቢሆንም፣ በየትኛውም ፍጥነት ከፍላሽ ጋር ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይታመናል። በወረቀት ላይ ከቀድሞው ያነሰ የሚመስለው ካሜራ ነው ድርጅቱን ያዳነው። የዚህ ዘር ካሜራዎች እስከ 2013 ድረስ ተመርተዋል።

በ1962 ጠፈርተኛው ዋልተር ሺራ ከሂዩስተን ከተማ የገዛውን 500 ሲ ይዞ ወደ ጠፈር ወጣ። በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ የተነሷቸው ዝነኛ ፎቶግራፎች የዚሁ ካሜራ ልጆች ሥራ ናቸው። የመመለሻው ክብደት እንዲቀንስ ሲባልም ፊልሞቹ ብቻ ተመልሰው ካሜራው በዚያው ቀርቷል።

ይህ ታሪክ ዛሬ ያገለገለ ካሜራ ለሚገዛ ሰው የተግባር ትርጉም አለው። 1600 ኤፍና 1000 ኤፍ ለሰብሳቢ እንጂ ለሥራ አይመከሩም። ከ1957 ጀምሮ በኪየቭ የተመረተው የሶቪየት ሳልዩትና ተከታዩ ኪየቭ 88 በዋጋ ቢረክሱም፣ የተቀዱት ከዚያው ከደካማው የመጀመሪያ ሞዴል ነው። ለሥራ የሚፈለግ ከሆነ በ1970 የወጣው 500 ሲ/ኤም የተሻለ ምርጫ ነው። ገዢው በዝግተኛ ፍጥነቶች የሌንሱ መዝጊያ ሳይንቀረፈፍ መሥራቱን በጆሮው ይስማ፤ የፊልም መያዣው ብርሃን እንዳያስገባም ያረጋግጥ። ሌንሱን ሳያጥን ከካሜራው ጋር ለማያያዝ የሚሞክር ሰው ደግሞ ካሜራውን ያነክሰዋል። በጀቱ የማይፈቅድለት ባለ ሁለት ሌንሱን የጃፓን ያሺካ ማት 124 ጂ ወይም የጀርመኑን ሮላይኮርድ ቢመለከት አይጸጸትም፤ የሚበላሽ ክፍላቸው ጥቂት ነው።

ሃሰልብላድ በ1934 ካገባት ከባለቤቱ ከኤርና ጋር ልጅ አልወለደም። ድርጅቱን በ1976 ሸጦ ኦገስት 5 ቀን 1978 በ72 ዓመቱ አረፈ። ሀብቱም በ1979 በሁለቱ ስም ለተቋቋመው ፋውንዴሽን ሲውል፣ ከ1980 ጀምሮ ለፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ሽልማት ይሰጣል። በ2003 ማሊያዊው ማሊክ ሲዲቤ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

የካሜራዎቹ መለያ ቁጥር ሁለት የላቲን ፊደላትን ይይዛል። ፊደላቱ የተወሰዱት ከስሙ ሁለት መነሻ ፊደላትና ፎቶግራፎች ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፣ ቪ 1፣ ኤች 2፣ ፒ 3፣ አይ 4፣ ሲ 5፣ ቲ 6፣ ዩ 7፣ አር 8፣ ኢ 9፣ ኤስ 0 ናቸው። በዚህ መሠረት ዩ እና ሲ የተጻፈበት ካሜራ በ1975 የተሠራ መሆኑን ገዢው ሻጩን ሳይጠይቅ ማወቅ ይችላል።