አስብዮርን ሃልቮርሰን

አስብዮርን ሃልቮርሰን (እ.ኤ.አ. 1898 – 1955) የኖርዌይ እግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሳርፕስቦርግ ከተማ ተወለደ፤ በ1917 ከከተማው ክለብ ጋር የኖርዌይን ዋንጫ አነሣ።

በ1921 ወደ ጀርመኑ ክለብ ሃምቡርግ ተዛወረ። የክለቡ ዓርማ በሰማያዊ መደብ ላይ ያረፈ ነጭና ጥቁር አልማዝ ሲሆን ዛሬም የሚታወቀው በዚሁ ነው። ሃልቮርሰን በመሐል ሜዳ እየተሰለፈ በ1923 እና በ1928 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። የክለቡ ታዋቂ ግብ አግቢ ኦቶ ሃርደር የቡድን ጓደኛው ነበር።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ። በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ኖርዌይ ሂትለር በተገኘበት ጨዋታ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በመጨረሻም ሦስተኛ ወጣች። ኖርዌጂያውያን ያንን ቡድን እስከ ዛሬ «የነሐስ ቡድን» ይሉታል።

ጀርመን በ1940 ኖርዌይን ስትይዝ ስፖርተኞቹ በናዚዎች ሥር አንወዳደርም ብለው አደሙ። ከአድማው መሪዎች አንዱ የነበረው ሃልቮርሰን በ1942 ታሰረ። ከግሪኒ ወደ ናትስቫይለር ተወሰደ፤ በ1945 ደግሞ ሃምቡርግ ውስጥ ወደሚገኘው የኖይንጋመ ማጎሪያ ካምፕ ገባ። ሻምፒዮን የሆነባት ከተማ መሆኗ ነው። ሃርደር ቀደም ሲል በዚሁ ካምፕ የኤስኤስ ጠባቂ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በጦር ወንጀል ተፈርዶበታል።

ሃልቮርሰን በበሽታ ተዳክሞ ቢሆንም በሕይወት ተረፈ። ወደ ማኅበሩ ሥራ ተመልሶ በ1955 በናርቪክ ከተማ አረፈ።