አባ ተስፋ ጽዮን እና የግእዝ ፊደል ከብራና ወደ ብረት ያደረገው ሽግግር

የግእዝ ፊደል መልኩን ያገኘው ከመቃ ብርዕ ነው። የብርዑ ጫፍ ጠፍጠፍ ብሎ ስለሚቆረጥ ቋሚው መስመር ይወፍራል፤ አግዳሚውና ማያያዣው ይቀጥናል። ይህ የውፍረትና የቅጥነት ልዩነት ለገጹ ግርማ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀጭኑ ክፍል ጌጥ ብቻ አይደለም። በግእዝ «ሰበከ» እና «ሰበኩ» የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ጎን በምትወጣ አንዲት አጭር ጭረት ነው። ጭረቷ ከተሰበረች ወይም በቀለም ከተዋጠች የብዙ ሰዎች ሥራ የአንድ ሰው ይሆናል። ይህን ጥንቃቄ የሚሻ ፊደል በኅትመት ለማብቃት ከደከሙት ቀደምት ኢትዮጵያውያን መካከል ግንባር ቀደሙ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተወለዱ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ገዳሙን አቃጠለ፤ በዘመኑ ጦርነት በርካታ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ጠፉ። መነኩሴው በኢየሩሳሌም አድርገው ከጓደኞቻቸው ጋር ሮም የደረሱት በዚሁ በ1530ዎቹ ውስጥ ነበር። ማረፊያቸውም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሚገኘው የኢትዮጵያውያን የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሆነ። በከተማዋ ጴጥሮስ በሚል ስም ታወቁ። ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ፣ ከካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒና ከኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ከኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ጋር ለመነጋገር የበቁ ሰው ነበሩ።

ግእዝን በማተም የመጀመሪያው እርሳቸው አልነበሩም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳትሞ ነበር። ሆኖም ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ በስሕተት ሰየመው። የአባ ተስፋ ጽዮን ሥራ ከዚህ የሚለየው ሐሳቡም፣ አርትዖቱም በኢትዮጵያውያን እጅ የተመራ በመሆኑ ነው። በ1548 ወንጌላትን፣ የዮሐንስን ራእይ፣ የሐዋርያትን ሥራ፣ ሰባቱን መልእክታትና ወደ ዕብራውያን የተጻፈውን መልእክት ከሥርዓተ ቅዳሴ ጋር አሳተሙ፤ በ1549 የቀሩት የጳውሎስ መልእክታት ተከተሉ። የማተሙ ሥራ የተከናወነው በቫሌሪዮ ዶሪኮና በወንድሙ በሉዊጂ ማተሚያ ቤት ሲሆን ሊቀ ጳጳሱም በገንዘብ ደግፈውታል።

የሥራው ክብደት የሚታየው ከፊደሉ ብዛት ነው። በላቲን ፊደል የሚሠራ ቀራጭ ጥቂት ደርዘን ቅርጾች ይበቁታል። ግእዝ ግን 26 ፊደላት በሰባት ሰባት መልክ 182፣ ዲቃሎቹ 20፣ አኃዙ ደግሞ 20 ቅርጽ ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ቅርጽ በብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ያም በመዳብ ላይ ተመትቶ በሻጋታው ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ይፈስስበታል። ሳድሱን ከግእዙ፣ ካዕቡን ከሣልሱ ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ከሌለ ቀራጩ ስሕተቱን አያይም፤ ፊደል ለቃሚውም አያርመውም።

የዶሪኮ ማተሚያ ቤት ችግርም ይኸው ነበር። አታሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱም የኅትመትን ጥበብ አልተማሩም ነበር። መጽሐፉ በርካታ የፊደል ግድፈቶች ስለነበሩበት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በመጽሐፉ ምክንያቱን ገልጠው አንባቢን ይቅርታ ጠየቁ። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ቅጅም የጎደለ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። አገር ቤት ያለው ቅጅ በጦርነቱ ስለ መትረፉ ዋስትና ባልነበረበት ወቅት ምሉዕ ቅጅ እስኪገኝ መጠበቅ መጽሐፉን ላለማሳተም መምረጥ ይሆን ነበር። እርሳቸው ግድፈቱን እያወቁ ማተምን መረጡ።

አባ ተስፋ ጽዮን በ1550ዎቹ መጀመሪያ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳሉ ሮም አቅራቢያ በምትገኘው በቲቮሊ ዐረፉ። ከሥራ አጋሮቻቸው አንዱ የነበረው ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 የግእዝ ሰዋስው አሳተመ። የ1548ቱ አዲስ ኪዳንም በ1657 ለንደን ላይ በታተመው ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ያነበቡት የግእዝ አዲስ ኪዳን፣ መልካም ጎኑም ግድፈቱም ከዚያ ከሮም ሥራ የመነጨ ነበር።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ጃምባቲስታ ቦዶኒ (1740–1813) በወጣትነቱ በሮም የምሥራቅ ቋንቋ ፊደላትን በሚያትም ቤት ሠርቶ፣ ኋላ በፓርማ የቋሚውን ውፍረትና የቀጭኑን ቅጥነት እጅግ ያራራቀ የላቲን ፊደል ቀረጸ። የዚህ ፊደል ደማቅ ዝርያ ዛሬ ለመጽሔት ርእስና ለማስታወቂያ ይመረጣል፤ በትልቁ ሲታተም ያምራል፣ በትንሹ ግን ቀጭኑ መስመር ይጠፋል። በላቲን ጽሑፍ የጠፋውን መስመር አንባቢው በግምት ይሞላዋል። በግእዝ ፊደል ግን ከመስመሩ ጋር አናባቢው ሊጠፋ ይችላል። ለአማርኛ ርእስ ደማቅ ፊደል የሚነድፍ ባለሙያ ዛሬም ከዶሪኮ ማተሚያ ቤት ችግር አላመለጠም፤ ከውበቱ አስቀድሞ ቀጭኗ ጭረት መነበቧን የሚያረጋግጥ አንባቢ ከጎኑ ያስፈልገዋል።