በአውሬዎች አንደበት የተናገረ ብዕር
በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (1876–1969 ዓ.ም.)

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ደራሲ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በሰያ ደብር አገር በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተሻግረው በራስ መኰንን ጥላ ሥር አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የራስ መኰንን ሠራዊት ወደ ዐድዋ ሲዘምት አብረው ተጉዘው ጦርነቱን በብላቴና ዓይናቸው አዩ። ከድሉም በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ ቀጥሎም በፈረንሳይ አገር ቆይተው ለአገራቸው ይበጃል ያሉትን ዕውቀት ሁሉ ሲሰበስቡ ኖሩ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቴአትር ተብሎ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ ብቻ መሆኑን ታዘቡ። ቴአትር ማለት ምን እንደሆነ ለወገኖቻቸው ለማሳየት በማሰብም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። ተውኔቱ በ1910ሮቹ ዓ.ም. በቴራስ ሆቴል በመኳንንትና በውጭ አገር ሰዎች ፊት ታየ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ የሚነገረው ግን የጊዜው አስተዳደር ብልሹነትና የአገሪቱ ኋላ ቀርነት ነበር።

ይህ ስልት ለዓለም እንግዳ አልነበረም። ላ ፎንቴን በሉዊ 14ኛ ፈረንሳይ፣ ክሪሎቭም በዛር መንግሥት ሩሲያ የሰውን ግፍና ስንፍና በእንስሳት ተረት አሳይተዋል። ለኢትዮጵያም ቢሆን አዲስ አልነበረም። አያ ጅቦ፣ አንበሳና ጦጣ በየምድጃው ዳር ሲፈርዱና ሲያታልሉ የኖሩ ናቸው፤ አዝማሪም በግብር አዳራሽ ጌታውን በሰምና ወርቅ ሲሸነቁጥ ብዙ ጊዜ ይታለፍለት ነበር። ነገር ግን የአዝማሪ ቃል ከማሲንቆው ድምፅ ጋር ይበተናል፤ ባለግጥሙም ያልሁት ሰሙን ነው ብሎ ማምለጥ ይችላል። ተውኔት በወረቀት ላይ የሰፈረ፣ ተዋናይ ለብሶት የሚቆም፣ ደራሲውም በስሙ የሚጠየቅበት ሥራ ነው። የተክለ ሐዋርያት አዲስ ነገር የቆየውን ፌዝ ከምድጃ ዳር አንሥተው በሹማምንት ፊት ማቆማቸው ነበር።

ውጤቱም ፈጥኖ መጣ። ነገሩ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ተውኔቱ ተከለከለ። ክልከላውም ከአንድ ድርሰት አልፎ በጠቅላላው ቴአትር ላይ ስለ ወደቀ፣ የአማርኛ መድረክ ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ዝም ብሎ ቈየ። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በኋላ መድረኩን ሲያንቀሳቅሱ፣ ከፋቡላ ጋር የተቋረጠውን ጉዞ እንደ ገና መጀመር ነበረባቸው።

ደራሲው ግን ከመንግሥት ሥራ አልራቁም። ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ የአሰበ ተፈሪን ከተማም ቆረቆሩ። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት የጃፓንን አርአያ ተከትለው አረቀቁ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲጀመር በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። እንግዲህ አስተዳደሩን በአውሬ መስለው የነቀፉት ሰው፣ አስተዳደሩ የሚመራበትን ሕግ በገዛ እጃቸው ጻፉ ማለት ነው። ሕጉ ሥልጣንን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ መተዉ፣ ከውስጥ ሆኖ ማሻሻልም እንደ ፌዙ ሁሉ ወሰን እንደነበረበት ያሳያል።

ከወረራው በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተለያይተው እስከ ማዳጋስካር የደረሰ ረጅም ስደት አሳለፉ። ሲመለሱም በሐረርጌ በሂርና እርሻቸው ተቀመጡ፤ ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅም በሕይወት ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ «የሕይወቴ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው ለአንባቢ በቃ።

የተክለ ሐዋርያት ሕይወት ለመድረክ ሰው የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። ሣቅ ብቻውን መንግሥትን አያቃናም፤ ነገር ግን ፋቡላን የከለከሉት ሰዎች ራሳቸውን በአውሬዎቹ መካከል አይተው እንደነበር ክልከላው ራሱ ይመሰክራል። ለአንድ ኮሜዲያ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም።