ዜማው ታውቆ ስሙ የተረሳው ሰው





በቅርቡ በእኅቴ ልጅ ሠርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ የተመረጠላቸው ዘፈን ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1961 ብሉ ሃዋይ በተባለው ፊልም የዘፈነው ካንት ሄልፕ ፎሊንግ ኢን ላቭ ነበረ። አጠገቤ የተቀመጡት ወጣቶች ዜማውን ኤልቪስ ራሱ እንደ ፈጠረው አድርገው ሲነጋገሩ ሰማሁ። መሠረቱ ከዚያ በፊት 177 ዓመት የተደረሰ የፈረንሳይ ዘፈን መሆኑን ብነግራቸው ሳቁብኝ። ስለዚህ የባለቤቱን ታሪክ በጽሑፍ ላቀርብ ወደድሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ዣን ፖል ኤዢድ ማርቲኒ ይባላል። በ1741 በጀርመን አገር በባቫርያ ፍራይሽታት በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ሎሬን ሄዶ በናንሲ ከተማ ተቀመጠ፤ በ1764 ደግሞ ወደ ፓሪስ ገባ። ማርቲኒ የሚለውን የጣልያን ስም ያወጣው ለራሱ ነው። ይህም ስም ጕዳት አመጣበት፤ በቦሎኛ ይኖር ከነበረው ከታወቀው የሙዚቃ ሊቅ ከአባ ማርቲኒ ጋር እስከ ዛሬ ድረስ ያምታቱታልና።

ማርቲኒ ሰነፍ ሰው አልነበረም። ለጦር ሠራዊት ማርሽ፥ ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር፥ ለቴያትር ቤት ኦፔራ ደርሷል። ሄንሪ 4ኛ የተባለው ኦፔራው በ1774፥ ሳፎ የተባለው በ1794 ታይተዋል። ዛሬ እነዚህን የሚያነሣ ከሊቃውንት በቀር የለም። ስሙን ከመቃብር በላይ ያዋለው በ1784 የደረሰው ፕሌዚር ዳሙር የተባለው አንድ ትንሽ ዘፈን ነው።

የግጥሙ ደራሲ ክላሪስ ደ ፍሎሪያን ነው፤ ሴሌስቲን በተባለ ልብ ወለድ ታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ግጥሙ የሠርግ ግጥም አይደለም፤ ሁሉን ትቶ የተከተላት ሴት ሌላ ወዳጅ ይዛ የከዳችው ሰው የሚያሰማው እሮሮ ነው። ማርቲኒም የፒያኖውን አጀብ ሳይቀር በኖታ ጽፎ አወጣው። በዚያን ጊዜ አጃቢው የባሱን መሥመር ብቻ እያየ የቀረውን ከራሱ መጨመር የተለመደ ስለ ነበረ፥ ይህ እንደ አዲስ ሥራ ተቈጠረለት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። በመሳፍንት ቤት ያገለግል የነበረው ማርቲኒ ሹመቱን አጥቶ ወደ ሊዮን ሸሸ። ፍሎሪያን ታስሮ ከተፈታ በኋላ ብዙም ሳይቈይ በ1794 በ39 ዓመቱ ሞተ። ማርቲኒ ግን ወደ ፓሪስ ተመልሶ በኮንሰርቫቷር አስተማረ፤ ነገሥታቱ ሲመለሱም በ1814 የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ የበላይ ሆነ። በ1816 በአብዮቱ ለተገደለው ለንጉሥ ሉዊ 16ኛ የሙታን ጸሎት ዜማ አሰምቶ፥ በዚያው ዓመት በ74 ዓመቱ ዐረፈ።

ዘፈኑ ግን አልሞተም። ታላቁ ቤርሊዮዝ በ1859 ለኦርኬስትራ አዘጋጀው። በ1961 ሦስት አሜሪካውያን ደራሲዎች ዜማውን መሠረት አድርገው ሌላ ግጥም ጻፉበት፤ የተከዳ ሰው እሮሮ የነበረውም የሙሽሮች ቃል ኪዳን ሆነ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ለእኅቴ ልጅ በዚያ ቀን አልነገርኋትም፤ ደስታዋን ማደፍረስ መሰለኝ። አሁን ግን ብታነበው አልፈራም። ያዘነ ሰው የተከለው ዛፍ ለደስተኛ ሰው ጥላ ቢሆን ምን ክፋት አለው? የሚያሳዝነው በጥላው ሥር ተቀምጦ ተካዩን አለመጠየቅ ነው። ስለዚህ በየሬዲዮኑ ዘፈን የምታሰሙን ሁሉ፥ ከዘፋኙ ስም ጋር የዜማውንና የግጥሙን ደራሲ ስም እንድትጠሩልን አደራ እላለሁ።


አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ