አናሲሞስ ነሲብ፤ ተሸጦ ሄዶ አስተማሪ ሆኖ የተመለሰ

ክርስቲያን ለሌላው ሰው ምሳሌ የሚሆነው በምንድን ነው? ሁሉ ነገር ሲሳካለትማ ማንም ሰው ደግ ነው። ሰው የሚታወቀው በር ሲዘጋበት ነው። በዚህ ረገድ ከአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት፣ በተለይ እኛ ዕጩ መምህራን፣ ብዙ የምንማረው አለ።

አናሲሞስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ሒካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ የሞቱት እሱ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት። ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፣ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ አልፏል። እስቲ አስቡት፤ አንድ ልጅ ስምንት ጊዜ እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ!

በ1870 ቬርነር ሙንሲንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ምጽዋ ላይ ነፃ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁም በትምህርቱ ጎበዝ ሆነ። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ፤ አናሲሞስም ተባለ። ይህ ስም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ የምናገኘው የባሪያው ስም ሲሆን ትርጉሙ ጠቃሚ ማለት ነው። ከዚያም ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ።

ተምሮ ሲመለስ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ተሰርቆ ወደ ተወሰደበት ሕዝብ ተመልሶ ወንጌልን ማስተማር። ነገር ግን መንገዱ እምቢ አለው። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከረ፤ አሶሳ አጠገብ እስካለው ፋማካ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። በመልሱም ጉዞ ወባ ይሁን ሌላ፣ ብርቱ ትኩሳት ያዘው። በ1882 ካርቱም ሲገባ የማህዲ አመፅ ተነሥቶ ጠበቀው። በ1886 ደግሞ በሌላ አቅጣጫ መጥቶ እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያም እንዲመለስ ታዘዘ።

ታዲያ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ? የለም! ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። እዚህም ላይ ችግር ነበር። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ ቋንቋው ሳስቶበታል። ይህን ክፍተት የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እሷም እንደ እሱ በባርነት የተወሰደች ስትሆን፣ ወደ ዐረብ አገር ስትጫን በ1886 ጣሊያኖች ከመርከብ አስጥለዋታል። አስቴር ለትርጉሙ የሚያስፈልጉትን ብዙ ሺህ ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን ጻፈች።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ስዊስ አገር፣ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ሒካ የተባለው ልጅ እንደ ስሙ ተርጓሚ ሆነ ማለት ነው። በመጽሐፉ ላይ የሰፈረው የእሱ ስም ነው። የአስቴር ድካም ግን በየገጹ ውስጥ አለ፤ ስም ሳይጠራ የሚሠራ ሰውም ምሳሌ ነውና እሷንም አንርሳት።

በመጨረሻ በ1904፣ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አናሲሞስ ወለጋ ገባ። የነቀምቴው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። ሕዝቡም በገዛ ቋንቋው ሲማር ደስ አለው። ይሁንና የአካባቢው ካህናት ድንግል ማርያምን ተሳድቧል ብለው ከሰሱት፤ በ1906 ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። እንዲሰደድ ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፣ ነቀምቴ ይመለስ፣ ነገር ግን አይስበክ አሉ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የደከመለትን ሥራ ሲከለከል ምን ያድርግ? አኩርፎ ወደ ውጭ አገር አልሄደም። ያልተከለከለውን ሥራ ያዘ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገብቶ ልጆችን ፊደል አስቆጠረ። አሥር ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆየ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት፤ እሱም በ1931 ነቀምቴ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሲያስተምርና መጻሕፍቱን ሲያድል ኖረ።

ጓደኞቼ፣ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ያሰብነውን ሁሉ እንድንሠራ አይፈቀድልን ይሆናል። መጽሐፍ ያጥረናል፤ የተማሪው ቋንቋም ይከብደናል። ያን ጊዜ ይህን ሰው እናስታውስ። መንገድ ሲዘጋበት መጽሐፍ አዘጋጀ፤ መድረክ ሲከለከል ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመ። ከፊታችን የቀረችው ሥራ ትንሽ ብትመስልም፣ እሷን በእምነት የሚሠራ ሰው ለሚመጣው ትውልድ ብዙ ይተዋል።